ለቤተሰብ የሕይወት መድን፦ ከመግዛት በፊት የሚሠራ ስሌት

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

1. መግቢያ



በምርጥ ዘር፣ በኩታ ገጠም፣ በመስኖና በከብት ድለባ የቤተሰብዎን ገቢ አሳድገዋል። ገቢ ሲያድግ ግን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የሚያርፈው ነገርም አብሮ ይበዛል። ለውኃ መሳቢያ ሞተር ወይም ለድለባ የተወሰደ ብድር አለ። ቀድሞ የወጣ ዕቁብ ገና እየተከፈለ ሊሆን ይችላል። ወረዳ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ አለ። ከሞዴል አርሶ አደር ቤት አንድ ሰው ሲጎድል የሚናጋው ነገር ብዙ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቤቱ ዋና ሠራተኛ በድንገት ሲሞት በብዙ ቀበሌዎች የሚታየው መንገድ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያ ለለቅሶው ወጪ በግ ወይም ወይፈን ይሸጣል። ቀጥሎ የብድር መክፈያው ቀን ይደርስና ከጥማዱ አንዱ በሬ ይወጣል። በሬ ሲጎድል መቀንጃ ፍለጋ ይጀመራል። የሚያርስ ከጠፋም መሬቱ ለእኩል ይሰጣል። ወደ ጎተራ የሚገባው ምርት በግማሽ ይቀንሳል፤ ታላቁ ልጅ ደብተሩን አስቀምጦ እርፍ ይጨብጣል። የመንግሥት ሠራተኛ ሲሞት ለትዳር ጓደኛውና ለትንንሽ ልጆቹ የጡረታ አበል ይተላለፋል። ብዙው አርሶ አደር ይህ ዋስትና የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለቤተሰብዎ የሕይወት መድን ያስፈልግ እንደሆነና እንዳልሆነ ራስዎ አስልተው እንዲወስኑ፣ የሚያስፈልግ ከሆነም ምን ያህል፣ ለስንት ዓመትና በምን ዓይነት ውል እንደሚገዛ እንዲያውቁ ማድረግ ነው። ሁሉም ቤተሰብ ይግዛ የሚል ምክር አይሰጥም። ጥቂት ቤተሰቦች ቢገዙ ይጠቀማሉ፤ ሌሎች ደግሞ ገንዘባቸውን ቢያንስ ለጊዜው በሌላ ነገር ላይ ቢያውሉት ይሻላቸዋል።

2. የሕይወት መድን ምንድን ነው?

መድን ወይም ኢንሹራንስ ከእድር ብዙም የራቀ አይደለም። ብዙ ሰዎች በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ ጉዳት ለደረሰበት ለአንዱ ከተጠራቀመው ይከፈላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ልዩነቱ መድን በጽሑፍ ውል የሚታሰር መሆኑ፣ የሚከፈለው ገንዘብ አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑና ሰብሳቢው ፈቃድ ያለው ኩባንያ መሆኑ ነው።

አራት ቃላትን በሚገባ መለየት ያስፈልጋል።

- አረቦን፦ እርስዎ በየዓመቱ ወይም በየወሩ ለኩባንያው የሚከፍሉት ገንዘብ ነው።
- የመድን ገንዘብ፦ መድን የተገባለት ሰው ሲሞት ኩባንያው ሊከፍል የተስማማበት መጠን ነው።
- ተጠቃሚ፦ የመድን ገንዘቡን እንዲቀበል በውሉ ላይ ስሙ የተጻፈ ሰው ነው።
- የመድን ውል ወይም ፖሊሲ፦ ይህ ሁሉ የሰፈረበትና ሁለቱን ወገኖች የሚያስገድደው ሰነድ ነው።

የሕይወት መድን የማይሸፍነውንም ማወቅ ይገባል። ድርቅ ሰብልዎን ቢያቃጥለው ወይም በሬዎ ቢሞት የሕይወት መድን አይከፍልም፤ የሰብልና የእንስሳት መድን ራሱን የቻለ ሌላ ውል ነው። የሕክምና ወጪም በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እንጂ በሕይወት መድን አይሸፈንም። «የአደጋ መድን» በሚል የሚሸጥ ውል ደግሞ የሚከፍለው በአደጋ ለደረሰ ሞት ወይም ጉዳት ብቻ ነው። በወባ ወይም በጉበት በሽታ ለሞተ ሰው አይከፍልም። ስሙ ተቀራራቢ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል።

3. አስቀድሞ በእጅዎ ያለው ዋስትና

አዲስ ውል ከመፈለግዎ በፊት ያለዎትን ይቁጠሩ።

እድር፦ ቀብሩን ያስፈጽማል፣ ለቀስተኛውን ይቀበላል፣ ለቤተሰቡም የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሻግራል፤ የቀጣዮቹን ዓመታት ቀለብና የልጅ ትምህርት ግን አይሸከምም።

የጤና መድን፦ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች የተጀመረና ኋላም ወደ ሌሎች ወረዳዎች የተስፋፋ ነው። ቤትን ከሞት በፊት የሚያራቁተው ብዙ ጊዜ ሕመም በመሆኑ የዚህ አባል ሳይሆኑ የሕይወት መድን መግዛት መሠረቱን ሳይጥሉ ጣራ እንደ ማልበስ ነው።

የብድር ሕይወት መድን፦ አንዳንድ አበዳሪ ተቋማት ብድር ሲሰጡ ጥቂት ገንዘብ ይቆርጣሉ፤ ተበዳሪው ከሞተ ቀሪው ዕዳ በዚያ ይሸፈናል። እርስዎም ሳያውቁት እየከፈሉ ሊሆን ይችላል። ወደ ተቋሙ ሄደው ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፦ ብድሬ መድን አለው ወይ? ዕዳውን በሙሉ ይሸፍናል ወይስ በከፊል? የትዳር ጓደኛዬ ብትሞት ወይም ቢሞትስ? ይህ መድን ዕዳውን ለአበዳሪው ይከፍላል እንጂ ለልጆችዎ ብር እንደማይሰጥም ልብ ይበሉ።

ቁጠባና እንስሳት፦ በባንክ ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር ያለዎት ቁጠባ፣ ለገበያ የሚደለብ ሰንጋ፣ በግና ፍየል በስሌቱ ይገባሉ። የእርሻ በሬና የምትታለብ ላም ግን አይቆጠሩ። እነሱ ከተሸጡ ቤተሰቡ የሚተዳደርበት ነገር አብሮ ይሄዳል። መሬትም በሕግ ስለማይሸጥ አይቆጠርም።

4. ክፍተቱን ማስላት

የሚከተለው ለልምምድ የቀረበ ምሳሌ ነው። ቁጥሮቹን በራስዎ ቤት ቁጥር ይተኩ።

አንድ የ42 ዓመት አባወራ አለ እንበል። ታላቁ ልጁ 12 ዓመቱ፣ ታናሿ 8 ዓመቷ ነው። እሱ ቢሞት ቤተሰቡ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ ታላቁ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላውም 6 ዓመት ይቀረዋል።

ቤተሰቡ የሚያስፈልገው፦

- ከአበዳሪ ተቋም የተወሰደ ብድር ቀሪ፦ 60,000 ብር
- ቀድሞ የወጣ ዕቁብ ቀሪ ክፍያ፦ 12,000 ብር
- ለለቅሶና ተያያዥ ወጪ፦ 30,000 ብር
- መሬቱ ለእኩል በመሰጠቱ የሚቀር ምርት፣ በዓመት 50,000 ብር በ6 ዓመት፦ 300,000 ብር
- የሁለት ልጆች ትምህርት፣ በዓመት 15,000 ብር በ6 ዓመት፦ 90,000 ብር
- ድምር፦ 492,000 ብር

ቤተሰቡ ያለው፦

- ብድሩን የሚሸፍን የብድር ሕይወት መድን፦ 60,000 ብር
- ከእድር የሚገኝ፦ 12,000 ብር
- ቁጠባ፦ 50,000 ብር
- ሊሸጡ የሚችሉ ሰንጋዎችና በጎች፦ 120,000 ብር
- ድምር፦ 242,000 ብር

ከሚያስፈልገው ላይ ያለው ሲቀነስ ክፍተቱ 250,000 ብር ይሆናል። መድን የሚገዛው ለዚህ መጠን ነው። ወኪል መጥቶ «አንድ ሚሊዮን ይግቡ» ቢል ወይም «ሃምሳ ሺህ ይበቃል» ቢል መልስዎ በእጅዎ አለ።

ስሌቱን ለእናትም ይሥሩ። የሴት ሥራ በገንዘብ ስለማይከፈል ዋጋ የሌለው ይመስላል። እናት ብትሞት የወተቱ፣ የዶሮው፣ የጓሮ አትክልቱና የአረሙ ሥራ በማን ይተካል? ሕፃናቱን ማን ይጠብቃል? ለእነዚህ ሰው ቢቀጠር በዓመት ስንት ይጠይቃል? እማወራ በምትመራው ቤት ደግሞ ሁለቱም ሸክም በአንድ ሰው ላይ ስለሆነ ክፍተቱ ከሁሉም ሊሰፋ ይችላል።

የዕቃ ዋጋ ስለሚንር ስሌቱ በየዓመቱ፣ ለምሳሌ አጨዳና ውቂያ ሲያበቃ፣ መታደስ አለበት። ብድር ተከፍሎ ሲያልቅና ልጆች ሲያድጉ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል። ዋጋ ሲንር ወይም አዲስ ብድር ሲገባ ደግሞ ይሰፋል።

5. ማን ይግዛ፣ ማን ይቆይ?

የሕይወት መድን መግዛት የሚጠቅመው፦

- ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ወይም የሚጦሯቸው አረጋውያን ላሉት፣
- ስሌቱ ሰፊ ክፍተት ላሳየው፣
- አረቦኑን በመጥፎ የዝናብ ዓመትም ሊከፍል ለሚችል ነው።

ለጊዜው ቢቆይ የሚሻለው፦

- የጤና መድን አባልነቱን ያላደሰ ወይም ከእድር የወጣ፣
- ለአንድ ክረምት እንኳ የሚሆን መጠባበቂያ ገንዘብ ወይም እህል የሌለው፣
- አረቦኑን ለመክፈል ሌላ ብድር መውሰድ ያለበት ነው።

ልጆቹ አድገው ራሳቸውን የቻሉና ዕዳ የሌለበት አርሶ አደር ጨርሶ ላያስፈልገው ይችላል። እሱ ቢሞት ኀዘኑ ይከብዳል እንጂ ቤቱ አይፈርስም። በዚህ ጊዜ ገንዘቡን ለጉድጓድ ማስቆፈሪያ ወይም ለፍራፍሬ ችግኝ ማዋሉ ይመረጣል።

6. የትኛው ዓይነት ይሻላል?

በአገራችን በአብዛኛው የሚቀርቡት ሁለት ዓይነት ናቸው።

የተወሰነ ጊዜ የሕይወት መድን፦ ለምሳሌ ለ10 ዓመት ይገባል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሞት ከደረሰ ሙሉው የመድን ገንዘብ ይከፈላል። ጊዜው በሰላም ካለቀ የሚመለስ ገንዘብ የለም። «ታዲያ ገንዘቤ በከንቱ አልቀረም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ለአሥር ዓመት ቤቱን የጠበቀ ዘበኛ ሌባ ባለመምጣቱ ደመወዙ በከንቱ ወጣ አይባልም። ለተመሳሳይ የመድን ገንዘብ አረቦኑ ዝቅተኛ የሚሆነውም በዚህ ዓይነቱ ነው።

ቁጠባ ያለበት የሕይወት መድን፦ ሞት ቢደርስ ይከፍላል፤ ጊዜው በሕይወት ካለቀም የተስማሙበትን ገንዘብ ይመልሳል። ቁጠባው ስለሚጨመርበት ለተመሳሳይ የመድን ገንዘብ አረቦኑ በጣም ከፍ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያቋረጠ ሰው የሚመለስለት ከከፈለው ያነሰ ነው፤ ምንም ላይመለስለትም ይችላል። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመለሰው ብር የመግዛት አቅሙ እንደ ዛሬው እንደማይሆንም ማስታወስ ያስፈልጋል።

በምሳሌያችን ላለው አባወራ ታናሿ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላት 10 ዓመት ይቀራታል። ስለሆነም የ10 ዓመት የተወሰነ ጊዜ መድን ለሁኔታው ይስማማል። ቁጠባውን በድለባ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በባንክ ለብቻው ቢያካሂድ በችግር ጊዜ ሊደርስበት ይችላል።

በእምነታቸው ምክንያት ከወለድ ጋር የተያያዘ ውል የማይገቡ አርሶ አደሮች፣ አንዳንድ ኩባንያዎች ታካፉል የተባለውን በመተጋገዝ ላይ የተመሠረተ አሠራር ስለሚያቀርቡ ስለ እሱ መጠየቅ ይችላሉ።

7. ከማን ይገዛል? እንዴትስ ይከፈላል?

በ1968 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት የመንግሥት ነው። ከ1986 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የግል የመድን ኩባንያዎች ተቋቁመዋል። ሁሉም የሕይወት መድን አይሸጡም፤ የተሽከርካሪና የንብረት መድን ላይ ብቻ የሚሠሩ አሉ። በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ፈቃዱን ሊያሳይ ለማይችል ሰው አረቦን አይስጡ። ገንዘቡን በኩባንያው የባንክ ሒሳብ ያስገቡ ወይም የኩባንያው ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይቀበሉ።

ቢያንስ ሁለት ኩባንያዎችን አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ለ42 ዓመት ሰው፣ ለ250,000 ብር፣ ለ10 ዓመት፣ በዓመት ስንት ነው?» ጥያቄው አንድ ካልሆነ መልሶቹን ማወዳደር አይቻልም።

የአርሶ አደር ገቢ በወር አይመጣም። በየወሩ እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ውል በሐምሌና በነሐሴ ይፈትንዎታል። ስለሆነም አረቦኑ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ምርት ከተሸጠ በኋላ ለምሳሌ በጥር ወይም በየካቲት እንዲከፈል ይደራደሩ። ለመጀመሪያው ዓመት ሲከፍሉ የሚቀጥለውን ዓመት አረቦን የሚያህል ገንዘብ ለብቻው ማስቀመጥ ቢችሉ ዝናብ ቢያጥር እንኳ ውሉ አይቋረጥም። ውል ተቋርጦ ሞት ከደረሰ ቀድሞ የተከፈለው ሁሉ ቤተሰቡን ላይጠቅም ይችላልና።

8. ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ውሉን ማንበብ ካልቻሉ የሚያነብልዎ ልጅ፣ መምህር ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይዘው ይቅረቡ። በአማርኛ የተጻፈ ይጠይቁ። የሚከተሉትንም ይጠይቁ፦

- የማይከፈለው በምን ምክንያት ለደረሰ ሞት ነው? ጦርነትና ግጭትስ ተካቷል ወይስ ተለይቶ ወጥቷል?
- ሽፋኑ ከመቼ ይጀምራል?
- አረቦን ቢዘገይ ስንት ቀን ይታገሣል?
- የአካል ጉዳት ደርሶብኝ ማረስ ባልችል የሚከፈል ነገር አለ?
- በጽሑፍ የማይገኝ ነገር ወኪሉ በቃል ቃል ገብቶልኛል ወይ? ከሆነ ይጻፍልኝ።

ስለ ጤናዎ ሲጠየቁ እውነቱን ይናገሩ። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የሳንባ ሕመም ካለ መደበቅ አረቦኑን ቢቀንስም፣ ኩባንያው ኋላ ሲደርስበት ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጎዳው መልስ መስጠት የማይችለው ሟች ሳይሆን ቤተሰቡ ነው።

9. ተጠቃሚን በስም መጻፍ

በቅጹ ላይ «ተጠቃሚ» በሚለው ቦታ «ወራሾቼ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ይህ አንድ ቃል ብዙ ያመጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 827 እንደሚደነግገው ተጠቃሚ ካልተወሰነ ወይም ያለ ሌላ ማብራሪያ ለወራሾች ተብሎ ከተገባ የመድኑ ገንዘብ ከውርሱ ንብረት ጋር ይቀላቀላል። የውርስ ክርክር ደግሞ ወራት ወይም ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ተጠቃሚው በስሙ ከተጻፈ ግን ገንዘቡ ከውርሱ ውጭ ሆኖ ለእሱ ይደርሳል።

ስለዚህ የትዳር ጓደኛዎን ሙሉ ስም ከነአያት፣ በመታወቂያው ላይ ባለው አጻጻፍ ያስጽፉ። በፋይዳ፣ በቀበሌ መታወቂያና በውሉ ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን። ከአንድ በላይ ተጠቃሚ ካለ የእያንዳንዱ ድርሻ ይጻፍ። ተጠቃሚው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከሆነ ገንዘቡን ማን እንደሚያስተዳድርለት አስቀድመው ይወስኑ። ትዳር ሲፈርስ፣ አዲስ ልጅ ሲወለድ ወይም ተጠቃሚው ሲሞት ቅጹን ያሳድሱ።

10. ሞት ሲደርስ ቤተሰቡ የሚያደርገው

ቤተሰብ የማያውቀው መድን እንዳልተገዛ ይቆጠራል። ውሉን፣ ደረሰኞቹንና የጋብቻ ማስረጃውን ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ጋር በአንድ ላስቲክ ያስቀምጡ። የት እንዳለም ለትዳር ጓደኛዎና ለአንድ ታማኝ ዘመድ ይንገሩ።

ሞት ከደረሰ ቤተሰቡ በሁለት በኩል መንቀሳቀስ አለበት። አንደኛው ወደ ቀበሌ ነው። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕግ መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የሞት ምስክር ወረቀት የሚገኘውም በዚህ ነው። ሁለተኛው ወደ ኩባንያው ነው። ስልክም ቢሆን ይደወል፣ ቀጥሎም በጽሑፍ ይገለጽ። ብድር ካለ አበዳሪው ተቋምም በዚያው ሰሞን ይነገረው። ለቅሶ ላይ ያለ ቤተሰብ ይህን ስለሚዘነጋ፣ የልማት ቡድን መሪው ወይም የእድሩ ጸሐፊ እንዲያስታውስ አስቀድሞ መስማማት ጥሩ ልምድ ነው።

11. ማጠቃለያና የቡድን ሥራ

በቅድሚያ ጤና መድንና እድር ይሟሉ። ቀጥሎ ብድሩ መድን እንዳለው ይጠየቅ። ከዚያ ክፍተቱ ይሰላ። ክፍተት ካለና አረቦኑ ከተቻለ፣ ልጆች እስኪያድጉ ላለው ጊዜ ብቻ፣ ተጠቃሚው በስም ተጽፎ፣ ክፍያው ከምርት ሽያጭ ጋር ተስማምቶ ይገዛ።

በየልማት ቡድናችሁ ሆናችሁ የሚከተሉትን ተወያዩ፦

1. በቀበሌያችን ዋና ሠራተኛው የሞተበት ቤት ምን ሸጠ? መጀመሪያ ምን? ቀጥሎስ?
2. የምንበደርባቸው ተቋማት የትኞቹ የብድር ሕይወት መድን አላቸው? ማን ሄዶ ይጠይቅ?
3. ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው በክፍል 4 ያለውን ስሌት በራሳቸው ቁጥር ይሥሩ። ክፍተቱ ስንት ሆነ?
4. ዘንድሮ ዝናቡ ቢያጥር አረቦኑ ከየት ይከፈላል?

ለአራተኛው ጥያቄ መልስ ያላገኘ ቤተሰብ ገና አይፈርም። መጀመሪያ መጠባበቂያውን ያጠራቅምና በሚቀጥለው ዓመት ስሌቱን እንደገና ይሥራ።